ለድሬዳዋና ለሐረር የክረምት እንግዳ የአለባበስ ማሳሰቢያ ይጻፍለት ወይስ ለራሱ ይተው?

አወያይ፦
ሐምሌ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የሚመጣው ሕዝብ በዓሉን አክብሮ ወዲያው ወደ መጣበት አይመለስም፤ ገሚሱ በደንገጎ በኩል ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፣ ገሚሱ ወደ ሐረር ያቀናል፣ ሁለቱንም ሳያይ የማይሄደውም ጥቂት አይደለም። ከእነዚህ እንግዶች መካከል ቁምጣና እጅጌ የሌለው ልብስ ለብሰው በሐረሩ የጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉ መንደሮች የሚዘዋወሩ በመኖራቸው ቅር የተሰኙ ነዋሪዎች፣ ሆቴሎችና አስጎብኚዎች ለእንግዳ የአለባበስ ማሳሰቢያ በጽሑፍ ይስጡ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያታችሁን አስቀምጡ።

ተከራካሪ ከከዚራ፦
እቃወማለሁ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ዐረቡም፣ ሕንዱም፣ ፈረንሳዩም እንደየልማዱ ለብሶ የኖረባት ከተማ ናት፤ እንግዳን ልብሱን አይተን ተቀብለን አናውቅም። በዚያ ላይ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ይህች ከተማ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቷ 35 ዲግሪ አካባቢ የሚደርስ፣ የሐምሌ ዝናብ ሲገባም ቀን ቀን ከ30 ዲግሪ እምብዛም የማይወርድ ነው። ከአዲስ አበባ ብርድና ጭቃ ወጥቶ የመጣ ሰው ሹራቡን አውልቆ ቁምጣ ቢያጠልቅ፣ ወረቀት ሰጥተን የምንገሥጸው በየትኛው ጥፋቱ ነው?

ተከራካሪ ከጀጎል፦
ወንድሜ ስለ ድሬዳዋ ብዙ ተናገሩ፤ ጥያቄው የተነሣው ግን ከጀጎል ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ 48 ሄክታር በሚሆን ቦታ ላይ 82 መስጊዶችንና 102 የአምልኮ ሥፍራዎችን አቅፎ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ ቅርስ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ ግን ሰው የሚኖርበት መንደር ነው። መተላለፊያዎቹ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ የማያልፍባቸው ናቸው፤ የግቢ በር ሲከፈት የእንግዳው ዓይን በቀጥታ የቤተሰቡ ጓዳ ላይ ያርፋል፣ የቤተሰቡም ዓይን እንግዳው ላይ። እንዲህ ባለ ቅርበት ውስጥ ልብስ የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሙቀቱንም ምክንያት ማድረግ አይቻልም፤ ከድሬዳዋ ተነሥቶ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ የሚጓዝ ሰው ደንገጎን ሲያልፍ የመኪናውን መስኮት መዝጋት ይጀምራል፤ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናትና። ቁምጣው ለድሬዳዋ ተገዝቶ ሐረር ላይ የሚለበስ ከሆነ ሰበቡ ሙቀት አይደለም።

ተከራካሪ ከአዲስ አበባ፦
በየዓመቱ ከሚመጡባችሁ እንግዶች አንዷ ነኝና ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ ሲጻፍ ሁልጊዜ አድራሻው ሴት ናት። ቁምጣ ለብሶ ከጎኔ የሚሄደውን ወንድሜን ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ እኔ ክንዴ ከታየ ግን መካሪው ይበዛል። ሁለተኛ፣ በቃል የሚመክረንም ሰው ስለ ጨዋነት እንጂ ስለ አየሩ አይነግረንም። ቁልቢ በሌሊት ይበርዳል፣ ይዘንባልም፤ በማግስቱ ቀትር ላይ ድሬዳዋ ስንወርድ ልብሱ ሰውነታችን ላይ ይጣበቃል፤ አመሻሽ ላይ ሐረር ስንደርስ ደግሞ መደረቢያ ያምረናል። ለሦስቱም የሚሆን፣ በአንድ ቦርሳ የሚያልቅ፣ ፎቶ ስንነሣም የማያሳፍር ልብስ የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ ካለ ማሳሰቢያውን በደስታ አነብበዋለሁ።

ልብስ ሰፊ ከመኪና ግርግር (የጀጎል ልብስ ሰፊዎች መንገድ)፦
ለእህታችን ጥያቄ መልስ አለኝ፤ ክርክሩም በተሳሳተ መሠረት ላይ የቆመ ይመስለኛል። ሁላችሁም የተራቆተ ገላ ቀዝቃዛ፣ የተሸፈነ ገላ ሞቃት ነው ብላችሁ ተነሣችሁ። በ1980 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች በእስራኤሉ ነጌቭ በረሃ ፀሐይ ላይ ሰው አቁመው የበረሃ ዘላን ዐረቦች በሚለብሱት ጥቁር የበደዊን ቀሚስ፣ በነጭ ቀሚስ፣ በወታደር ልብስና በቁምጣ ሙቀቱን ለኩ። ጥቁሩ ቀሚስ ከነጩ ይልቅ ፀሐይ ቢስብም ወደ ቆዳ የደረሰው ሙቀት ግን እኩል ሆኖ ተገኘ፤ ልብሱ ሰፊ በመሆኑ የሞቀው አየር በውስጡ እየተነሣ ይወጣልና። ይህን ለማወቅ ግን በረሃ መሄድ አያሻም፤ በቀትር ወደ ድሬዳዋው ከፊራ ገበያ ጎራ ብላችሁ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የሚሸጡትን እናቶች ተመልከቱ። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ስስ ድሪያ ለብሰው፣ ሻሽ ጣል አድርገው ይውላሉ። ታይትና ጠባብ ቦዲ ለብሳ የመጣችው ወጣት ናት ጥላ ፍለጋ የምትሮጠው።

የሚያቃጥለን የጨርቁ ዓይነትና ጥበቱ ነው። ዛሬ ድሪያ ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ፖሊስተር የሆነው ብዙ ነው፤ ሲያዩት ያንጸባርቃል፣ ሲለብሱት ላብ አይመጥም። ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት አነድደዋለሁ፤ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ሆኖ ይቀራል። ለመንገድ የሚሆነው ጥጥ ነው፤ ገበር የሌለው፣ ብብቱ ሰፋ ብሎ የተቆረጠ፣ ጎኑ ላይ ቀደድ ያለው። ወንዱም ሰፊ የጥጥ ሱሪና እጅጌው የሚጠቀለል ሸሚዝ ቢይዝ ይበቃዋል። ነጠላ ደግሞ አይረሳ፤ ቁልቢ ላይ ይለበሳል፣ ሐረር ላይ ይደረባል፣ መኪና ውስጥ ተጣጥፎ ትራስ ይሆናል። ጂንስ ያምራል፣ አልክድም፤ ግን በላብ ከራሰ በኋላ በክረምት ቶሎ አይደርቅም።

ተከራካሪ ከከዚራ፦
ስለ ጨርቁ የተሰጠው ትምህርት ጥሩ ነው፤ ሆኖም ጥናቱ የተደረገው በደረቅ በረሃ ነው። ድሬዳዋ ላይ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ አየሩ ይታፈናል፣ ላቡም አይተንም፤ ያን ጊዜ ሰፊ ቀሚስም ቢሆን እግር ላይ ይጠመጠማል። ሌላም ላንሣ። እኛ ወንዶች ከቀትር በኋላ ሽርጣችንን አገልድመን እቤት እንውላለን፣ በሽርጥም እስከ ሱቅ ብቅ እንላለን። በገዛ ከተማችን በሽርጥና በካናቴራ የምንታይ ሰዎች የእንግዳን ቁምጣ ነውር የምንለው በምን አንደበት ነው?

ተከራካሪ ከጀጎል፦
ሽርጥ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ጀጎል ውስጥም ይለበሳል፣ ማንም አይከፋበትም። ቅሬታው ጉልበትን ስለሚያስቀር ልብስ ነው። ደግሞ በር ላይ ዘበኛ ይቁም ያለ የለም። አስቀድሞ የተነገረው እንግዳ አይሸማቀቅም፤ ሳይነገረው ገብቶ የሰው ዓይን የሚገርፈው ነው የሚያፍረው። እህታችን ያነሡትን የወንድና የሴት ጉዳይ በተመለከተ፣ ቃሉ ለሁለቱም እኩል ይጻፍ፤ ቁምጣ ለባሹ ወንድ እኔንም ቅር ያሰኘኛል።

አስጎብኚ ከሐረር፦
በተግባር የምናደርገውን ልንገራችሁ። ወደ መስጊድ ወይም ወደ አምልኮ ሥፍራ መቅረብ ለሚፈልጉ እንግዶች ቦርሳዬ ውስጥ ሻሽና ሽርጥ እይዛለሁ። ይበልጥ የሚያስቸግረኝ ግን ማንም ያላነሣው ጉዳይ ነው። ባህላዊው የሐረሪ ቤት ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ ከዚያም ምንጣፍ በለበሰው ነደባ (ከፍ ብሎ በተሠራው መደብ) ላይ ወጥቶ መቀመጥ አለ። ጠባብ ጉርድ ወይም ግጥም ያለ ጂንስ የለበሰ እንግዳ እግሩን ማጠፍ አቅቶት ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል፣ ባለቤቶቹም በእርሱ ፈንታ ይጨነቃሉ። ባለ ብዙ ማሰሪያ ቡትስ ያጠለቀው ደግሞ ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲፈታ ሌሎቹ ቡና ጀምረዋል። ታኮ ጫማም በጀጎል ድንጋይ ላይ አይሄድም። ማሳሰቢያ የሚጻፍ ከሆነ ከእነዚህ ይጀምር፤ ለእንግዳው ምቾት ተብሎ የተነገረ ነገር ቅያሜ አያመጣም።

ተከራካሪ ከአዲስ አበባ፦
እንዲህ ያለውን እቀበላለሁ፤ ስለ ነደባው የነገረኝ ሰው አልነበረም። ወንድና ሴትን የማይለይ፣ አየሩንና መንገዱን አስቀድሞ የሚናገር፣ ስለ ጉልበትና ትከሻ በአንድ አረፍተ ነገር የሚያልፍ ጽሑፍ ከሆነ ምክር ነው። «የተከለከለ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ግን ቁጥጥር ነው።

ተከራካሪ ከከዚራ፦
ጸሐፊው ማን እንደሆነም ይታሰብበት። ድሬዳዋ በፌዴራል መንግሥት ሥር ያለች የከተማ አስተዳደር ናት፣ ሐረር የሐረሪ ክልል መዲና ናት፤ ለሁለቱ አንድ ወረቀት የሚያወጣ አካል የለም፣ ባይኖርም ደግ ነው። ሐረር ለጀጎል ብቻ የሚሆን፣ ቅጣት የማይጠቅስ፣ እህታችን እንዳሉት ለሁለቱም ፆታ የተጻፈ ምክር ብታወጣ አልከራከርም። ያው ወረቀት የድሬዳዋ ሆቴል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ካየሁት ግን ተቃውሞዬን እዚሁ እጽፋለሁ።