ጊታሬ በኢንተርፌስ ሲገባ ይታፈናል፣ ይዘገያል፣ ይጮኻል

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ሁለት መግቢያ ትንሽ የዩኤስቢ ኢንተርፌስ (ጊታሩን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) አለኝ። ጊታሩ ሦስት ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር፣ ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) አለው። አምፕ ስለሌለኝ ላፕቶፕ ላይ በአምፕ ሲሙሌተር (የአምፕን ድምፅ በሚያስመስል ሶፍትዌር) እጫወታለሁ። ድምፁ ብርድ ልብስ የተከናነበ ይመስላል፤ ክሩን ስመታው ዘግይቶ ይሰማኛል፤ ዲስቶርሽን ሳበራ ደግሞ ጩኸቱ አያስጫውትም። ቡፈሩ (ላፕቶፑ በአንድ ጊዜ የሚያጠራቅመው ድምፅ) 1024 ሳምፕል፣ ሳምፕል ሬቱ (በሰከንድ የሚወሰደው ናሙና) 48 ኪሎ ኸርዝ ላይ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦
ከመግቢያው ጀምር ወንድሜ። «ኢንስት» ወይም «ሃይ ዜድ» የሚል ቁልፍ ካለ ተጫነው። የጊታር ፒክአፕ ኢምፒዳንሱ (ለምልክቱ ያለው ተቃውሞ) 1 ሜጋ ኦም አካባቢ የሆነ መግቢያ ይፈልጋል። የላይን መግቢያ ብዙውን ጊዜ 10 ኪሎ ኦም ገደማ ነው፤ የማይክ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እንዲህ ያለ መግቢያ ፒክአፑን ስለሚጫነው መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ያ መታፈን በኢኳላይዘር በደንብ አይመለስም። የጊታሩን ቮልዩምና ቶን እስከ መጨረሻው ክፈት፤ ገመዱም ከ3 እስከ 5 ሜትር ይሁን፣ ረጅም ገመድ ራሱ ቀጭኑን ድምፅ ይበላል።

ጌይኑን (የመግቢያውን ማጉያ) ስታስተካክል በጣም አጥብቀህ ምታ፤ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። በ24 ቢት ስትቀርጽ ትንሽ ዝቅ ማለቱ አይጎዳም፤ መግቢያው ላይ ከተሰነጠቀ ግን አይድንም።

መልስ 2፦
መዘግየቱ ከቡፈሩ ነው። 1024 ሳምፕል በ48 ኪሎ ኸርዝ 21 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ገብቶ ሲወጣ ከ42 ያልፋል። 128 ብታደርገው ደርሶ መልሱ 5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሆናል፣ የድራይቨሩና የመቀየሪያው ጥቂት ይጨመርበታል። በዊንዶውስ ከሆነ የአምራቹን የኤሲዮ ድራይቨር (መዘግየትን የሚቀንስ የድምፅ ድራይቨር) ጫን። ድምፁ ከተቆራረጠ ወደ 256 ከፍ አድርግ፤ ኢንተርፌሱንም በሃብ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካ። «ዳይሬክት ሞኒተር»ን (ጊታሩን በላፕቶፑ ሳያልፍ በቀጥታ የሚያሰማውን) አጥፋ፤ አለበለዚያ ደረቁ (ሲሙሌተር ያልነካው) ድምፅና ሲሙሌተር ያለፈው ተደራርበው ሁለት ጊታር ትሰማለህ።

መልስ 3፦
ለጩኸቱ የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ አድርግና አዳምጥ። ከጠፋ ወይም በጣም ከቀነሰ እየለቀመ ያለው ፒክአፑ ነው። ሲንግል ኮይል የመብራቱን 50 ኸርዝ ይስባል፤ ከላፕቶፑና ከቻርጀሩ 1 ወይም 2 ሜትር ራቅ፣ ከዚያ ወንበርህን ቀስ እያልክ አዙር፤ ጸጥ የሚልበት አቅጣጫ ይገኛል። መሃለኛው ፒክአፕ በተቃራኒ የተጠመጠመ ከሆነ የመምረጫው 2ኛና 4ኛ ቦታ ላይ እምምታው ይሰረዛል። ቮልዩሙ ዜሮ ሆኖም ከቀጠለ ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ሞክር፤ በዩኤስቢ በኩል የሚመጣ የቻርጀር ጫጫታ ያኔ ይለያል።

ኖይዝ ጌት (ድምፁ ሲያንስ የሚዘጋ ጫጫታ ማጥፊያ) መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ እሱም ለስለስ ብሎ። አጥብቀህ ካስገባኸው የትዝታን ረጅም ኖታ ጅራቱን ይቆርጠዋል፤ ትዝታ ደግሞ ውበቱ እዚያ ጅራት ላይ ነው።

ጠያቂ፦
ቁልፉ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን ድምፁ ተከፈተ። 128 ላይም አይቆራረጥም። ቻርጀሩን ስነቅል ጩኸቱ በግማሽ ወረደ፣ የቀረው ፊቴን ሳዞር ይቀንሳል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ደረቁን ልቅረጽ ወይስ ሲሙሌተሩ ያለፈውን?

መልስ 1፦
ደረቁን። ሲሙሌተሩን ትራኩ ላይ እንደ ፕለጊን አስቀምጠው፤ እየሰማህ ትጫወታለህ፣ ፋይሉ ግን ንጹህ ሆኖ ይቀመጣል። ነገ አምፑን ብትቀይር እንደገና መጫወት አይኖርብህም። ስትሚክስ ቡፈሩን ወደ 1024 መልሰው።