«ከፍታው ነው፣ ልመደው» ላለኝ መካኒክ

የአዘዞው፦ ተናድጃለሁ። በፈረንጅ 2006 የተሠራው ናፍጣ ፒክአፓችን እየነዳሁ ነዳጅ ስሰጠው ቆይቶ ነው የሚፈጥን። ጋራዥ ወሰድኩት፤ መካኒኩ ማሽን ሰክቶ «የብልሽት ኮድ የለውም፤ በገመድ ሳይሆን በኮምፒውተር የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ፔዳል ነው፣ የጎንደርም ከፍታ አለ፤ ልመደው» ብሎ ሸኘኝ። ሰው ጭኜ ከባድ መኪና ልቀድም ስወጣ ነው የምለምደው?

ሊማሊሞ፦ ሰውየው አልተሳሳተም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ግድም ይሳሳል። አየር ገፍቶ ሞተሩ ውስጥ የሚያስገባው ቱርቦ እስኪሞላ ይዘገያል። ከደባርቅ ቁልቁል ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ።

የአዘዞው፦ ከፍታው ዘንድሮ ነው እንዴ የመጣ? መኪናው እዚሁ ስምንት ዓመት ሠርቷል። መዘግየት የጀመረው ከጥቅምት ወዲህ ነው።

ባለ ናፍጣ፦ ባለፈው ወር መተማ ወርደህ ነበር አይደል? እዚያስ?

የአዘዞው፦ ያው ነበር።

ባለ ናፍጣ፦ በቃ! መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ከፍታ ቢሆን እዚያ ይተወው ነበር።

ሊማሊሞ፦ መተማ ሙቀት አለ። ሙቅ አየርም ይሳሳል።

ባለ ናፍጣ፦ ይሳሳል፤ ግን ሙቀቱ ያን ሁሉ ቁልቁለት አያካክስም። ከፍታ ከፍታ እያልክ የሰውን መኪና አታስፈጅ።

ማራኪ፦ ከፍታውን ለቀቅ አድርጉት እስቲ። ቆሞ ማርሽ ሳይገባ ስትረግጠው ወዲያው ይጮሃል ወይስ ያኔም ይዘገያል?

የአዘዞው፦ ቆሞ ወዲያው ይጮሃል። የሚዘገየው ጭኖ ዳገት ላይ ነው።

ማራኪ፦ እንግዲያው ፔዳሉ መጨረሻ የሚጠረጠር ነው። ፔዳሉ ላይ ሁለት መስመር ያለው ሴንሰር አለ፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያስተያያል፣ ካልተስማሙ መብራት ያበራል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። ቁልፍ ከፍተህ ሞተር ሳታስነሳ ቀስ ብለህ እየረገጥክ በማሽኑ ተመልከት፤ ቁጥሩ ሳይዘል ከወጣ ደህና ነው። አንተ ጋ አየር ወይ ናፍጣ ነው ያነሰ። ጭሱ ምን ይመስላል?

የአዘዞው፦ ጥቁር።

ማራኪ፦ አየር አንሶታል። ከቱርቦ የወጣውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ከሥሩ ዳብሰው፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከማይታየው ወገን ነው፣ እጅህ ዘይት ይነካል። የአየር ፊልትሮውንም አውጥተህ እይ። ጭስ ሳይኖረው ቢደክም ኖሮ የናፍጣ ፊልትሮ ነበር የምልህ።

ጎፍላ፦ ፔዳሉ ላይ የምትሰካ ማፍጠኛ ሳጥን አለች፤ እኔ አስገብቼ ተገላግያለሁ።

ማራኪ፦ እሷ የእግርህን ምልክት ነው የምታጋንነው። ቱቦው ተቀዶ ከሆነ ምን ትጨምርለታለች? ጭሱን እንጂ።

ባለ ገመዱ፦ ልጆቼ፣ የእኔ ላንድክሩዘር ፔዳሉ በገመድ ነው የሚሳብ። ስረግጠው ይሄዳል። ኮምፒውተር የገባበት ቀን ነው ሹፌር የተቸገረ።

ማራኪ፦ ጋሼ፣ የእርስዎም ሞተር የአየር ፊልትሮው ከታፈነ ጥቁር ያጨሳል እኮ። ገመዱ ምን ያድነዋል?

ባለ ገመዱ፦ ያጨሳል፤ ግን የታፈነ ፊልትሮ በዓይኔ አየዋለሁ። ማሽን ተሰክቶ «ኮድ የለውም» የሚለኝ የለም።

ባለ ናፍጣ፦ እዚህ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው። ኮድ የለውም ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። የተፈለገውን የቱርቦ ግፊት ከተገኘው ጋር እየነዳ ማየት ነበረበት። ቆሞ ሰክቶ ቆሞ ነቀለ።

ሊማሊሞ፦ መካኒኩን በሌለበት አትዝለፉት። ስንቱን መኪና ያስነሳ ሰው ነው።

የአዘዞው፦ ያስነሳ፤ እኔን ግን ልመደው አለኝ። ነገ ጠዋት ከሥር እገባለሁ።

ሊማሊሞ፦ ቱቦውን ቀይረህ የሊማሊሞ ዳገት ላይ ጭነህ ና። ከፍታው እዚያው ይጠብቅሃል።