እናቴ በየካቲት መጨረሻ ስቶክሆልም ልትሄድ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ምን ይዛ ትሂድ?

ጠያቂ፦ የጠባሴው

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የካቲት መጨረሻ ላይ ወደ ስቶክሆልም ልትሄድ ነው። እህቴ የምትኖረው እዚያ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። እናቴ ልታርሳት ነው የምትሄደው። ቪዛው ወጥቷል፣ ቲኬቱም ተቆርጧል። የቀረው ጓዙ ነው፤ ጭቅጭቁም እዚያ ላይ ነው።

እህቴ በስልክ "ብርዱ ሌላ ነው፣ በደንብ ልበሺ" ትላታለች። እናቴ ደግሞ "ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁትን ሴትዮ በብርድ ታስፈራራኛለች እንዴ?" ብላ ትስቃለች። እስካሁን ሻንጣ የገባው አንድ የመንዝ ባና፣ ሁለት ጋቢ፣ አምስት ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ማር እና ጎረቤት በላስቲክ ቀድታ የሰጠቻት ሁለት ሊትር አረቄ ነው። ለራሷ የያዘችው ሹራብ አንድ ነው። ጫማዋም ያው የዘወትር ሸራዋ ነው።

ስልሳዎቹን ጀምራለች። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አትችልም፣ አውሮፕላን ተሳፍራም አታውቅም። ብርዱ እውነት ከኛው ይለያል ወይ? ምን እንግዛላት? ከምግቡስ የትኛው ያልፋል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሚሚ ስቶክሆልም

ማርያም በሰላም ትገላግላት! እኔም የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ስለዚህ የእናትህን ሳቅ በደንብ አውቀዋለሁ። ግማሹ እውነት አላቸው። ብርድ ያውቃሉ። የማያውቁት በረዶ ላይ መራመድን ነው።

የእኛ ብርድ ቤት ውስጥ ገብቶ ያድራል። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ግድግዳ ተደግፎ ይሞቃል፣ እኩለ ቀን ላይ ሹራብ ይወልቃል። እዚህ ግልባጩ ነው። ቤቱ፣ አውቶቡሱ፣ ሱቁ ሁሉ ሞቃት ነው፤ ቤት ውስጥ 20 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በቀጭን ልብስ ይዋላል። ብርዱ የሚጠብቅህ ውጭ ነው። ፀሐይዋም ቁልጭ ብላ ወጥታ ሙቀት የላትም። "ፀሐይ ወጥቷል" ብለው በነጠላ ብቅ እንዳይሉ!

በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ቀኑ ብዙ ጊዜ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ይላል፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቁጥሩ ሲሰማ ያን ያህል አያስፈራም። ጉዱ ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ቀን የቀለጠው በረዶ ማታ ተመልሶ ይረጋል። ጠዋት አስፋልቱ እርጥብ ይመስልሃል፣ ስትረግጠው ግን መስታወት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ጠጠር ይበትንበታል፤ ሁሉም ቦታ ግን አይዳረስም። እዚህ በዚህ ወቅት አዛውንቶችን ሆስፒታል የሚያስገባው ከብርዱ ይልቅ መውደቁ ነው።

ስለዚህ ካለህ ገንዘብ አብዛኛውን ጫማ ላይ አውለው። ውሃ የማያስገባ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ጎማና ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ቡት። በወፍራም ካልሲ ይለኩት፤ ጣት የሚያጨናንቅ ጫማ እግር ያቀዘቅዛል። ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለ ብረት ጥርስ ላስቲክም አለ፣ እዚህ በየስፖርት ሱቁ ይሸጣል። እሱን እህትህ ትግዛላቸው። የአገሬው አሮጊቶች ሁሉ ያደርጉታል፣ አያፍሩበት። ሱቅ ወይም ባቡር ጣቢያ ሲገቡ ግን ይውለቅ፤ ለስላሳ ወለል ላይ እሱ ራሱ ያንሸራትታል።

የመንዝ ጌራው

እኔ ወንድሜ ኖርዌይ ስላለ ትንሽ ሰምቻለሁ። ዋናው ነገር መደራረብ ነው። ከሥር ገላ ላይ የሚጣበቅ ስስ የሱፍ ልብስ፣ መሐል ላይ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ካፖርት። ከሥር ጥጥ አታድርጉላት። ጥጥ ላብ ይዞ ይቀራል፣ የያዘው እርጥበት ውጭ ሲወጡ ይቀዘቅዛል። ሱፍ ግን ቢረጥብም ይሞቃል። ይህን ደግሞ ለመንዝ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ በርኖስ ለብሶ በግ ሲጠብቅ ያደገ ያውቀዋል።

ባናውን ግን አታስቀሩ። ለብርዱ ባያስፈልግም የልጅ ልጅ ባዶ እጅ አይጠየቅም።

ሚሚ ስቶክሆልም

ጌራው፣ ባናው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ታውቃለህ አይደል? 😀 እዚህ ሶፋ ላይ ጌጥ ሆኖ ነው የሚቀረው። ጋቢ ይበቃል። ለአራሷም ለሕፃኑም ቤት ውስጥ ጋቢ ነው የሚሆነው።

የመንዝ ጌራው

ጌጥም ይሁን፣ ይሂድ!

ሻንጣ አሳሪው

እኔ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ጓዝ ሳስተካክል ነው የምውለው። የምግቡን ልንገርህ፣ አንዳንዱ ያስከፋሃል።

ቅቤው አይገባም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ተጓዥ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ማስገባት አይፈቀድለትም። ቢነጠርም ቅቤ ነው። ቋንጣና አይብም እንደዚያው። ከተገኘ ይወረሳል፣ ሳያሳውቁ ማለፍ ደግሞ ሊያስቀጣ ይችላል። አምስት ኪሎ ቅቤ የፍተሻ ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ እናትህ እንባ እንባ ሲላቸው አስበው። እዚሁ ሽጡት ወይም ብሉት።

ማር በትንሹ ያልፋል፣ ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ። ከእጅ ሻንጣ ግን አውጡት፣ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ፍተሻው ላይ ያስቀሩታል። በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የአጥሚት ዱቄት ችግር የለባቸውም። እህሉን ሳይሆን ዱቄቱን ይያዙ። ጤና አዳም ቅጠል እርጥቡን ቆርጠው እንዳይጨምሩ፤ ለትኩስ ተክል የጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል።

አረቄው ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ከ22 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ ከቀረጥ ነጻ የሚገባው ለአንድ ሰው 1 ሊትር ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ጠንካራ መጠጥ አውሮፕላን ላይ የሚጫነው ፋብሪካ ባሸገው ጠርሙስ ሲሆን ነው። በውሃ ላስቲክ የተቀዳ የጎረቤት አረቄ በዚህ መንገድ አይሄድም። ጎረቤቷን አመስግናችሁ ለክርስትናው እዚህ ጠጡት።

የይፋት ልጅ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቀላል አይደለም። እናትህ እንደሚሄዱ ሲሰማ አደራ የሚሰጥ ይበዛል። "ለልጄ ትንሽ ነገር ናት" ይባላል። ተከፍቶ ያልታየ ዕቃ አይቀበሉ፣ የሚሰጠው የሥጋ ዘመድም ቢሆን። በተለይ ጫት! እኛ ጋ ገበያ ላይ በግልጽ የሚሸጥ ነገር ስለሆነ ወንጀል የማይመስለው አለ። ስዊድን ውስጥ ግን ጫት በሕግ ከአደንዛዥ ዕፅ ይመደባል። እናት በሰው አደራ ታስረው ማየት የሚፈልግ የለም።

ሲስተር ዘውዴ ነሽ

እኔ ነርስ ነኝ፤ ስለ ጤናቸው ትንሽ ልበል።

የግፊት መድኃኒታቸው በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ ከነካርቶኑና ከሐኪም ማዘዣው ጋር። ለሚቆዩበት ጊዜ የሚበቃና ጥቂት ትርፍ ይያዙ። ለቪዛው የተገዛው የጉዞ ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን ስላለበት ወረቀቱ አለ ማለት ነው። ኮፒው እህትህ ጋም ይኑር። እዚያ ለድንገተኛ 112 ይደወላል፣ ለጤና ምክር 1177።

ከፍታው ላይ እንኳን ይገላገላሉ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ስቶክሆልም ባሕር ዳርቻ ናት። የሚያስቸግራቸው ደረቁ የቤት አየር ነው። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይደርቃል፣ አንዳንዴም ይደማል። ቫዝሊን ይያዙ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። የቧንቧው ውሃ ይጠጣል።

ለአራሷ ቅቤ ከተባለ ደግሞ መላ አለው። ጨው የሌለበት ቅቤ እዚያ ሱቅ ይገዛል። እናታችን ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽና ነጭ አዝሙድ አድርቀውና ፈጭተው ይዘው ይሂዱና እዚያው ያንጥሩት። ከኛው ትንሽ ይለሰልሳል እንጂ ገንፎው ላይ ሲፈስ ሽታው ያው ነው።

ሚሚ ስቶክሆልም

ሲስተር ልክ ናት። እኔ ቤትም የሚነጠረው እንደዚያ ነው። ሲያነጥሩ ግን የማብሰያውን አየር መሳቢያ ይክፈቱት። ጣሪያው ላይ ትንሽ ነጭ ክብ ነገር አለች፣ ጭስ ሲሸታት ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ትለቃለች። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ደግሞ ዋና ጠላት እሷ ናት። እናትህ ቀድመው ይወቁ፣ አለዚያ አራሷም ሕፃኑም በድንጋጤ ይነሳሉ። ቡናውን እዚያው ቆልተውና ወቅጠው ቢያመጡት ግልግል ነው።

ሌላ የሚያስደነግጣቸው ነገር አለ። እዚህ ሕፃን በጋሪ ተጠቅልሎ ውጭ ይተኛል፣ በረዶ ላይም ቢሆን። እናቲቱ ካፌ ውስጥ ሆና በመስኮት ታየዋለች። የእኔ እናት መጀመሪያ ያየች ቀን "ምነው ሰው የለውም?" ብላ ጋሪው አጠገብ ቆማ ጠበቀች። አዋላጇም ሕፃኑን አየር ያግኝ ትላለች። እናትና ልጅ እዚህ ላይ ሳይጣሉ አይቀሩም። እህትህ ከወዲሁ በስልክ ትንገራቸው።

ስለ ልብስ የረሳሁት፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ረጅም የሐበሻ ቀሚስ ካደረጉ ጠርዙ የቀለጠውን ጭቃ ይጠጣና ይረጋል፣ ቁርጭምጭሚታቸውን እየመታ ያስቸግራቸዋል። አጠር ያለ ቀሚስ፣ ከሥሩ ወፍራም ታይት። ነጠላው ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ደጀ ሰላም ሲደርሱ ይልበሱት። ዐቢይ ጾምን ከጾሙ ደግሞ ከዳቦ ቤት የሚጋበዙትን ክሬም የሞላበት ክብ ኬክ ይጠንቀቁ። ስዊድኖች በዚህ ሰሞን እሱን ይወዱታል፣ የፍስክ ነው። ሽሮውና በሶው እዚህ ጋ ነው የሚያድናቸው።

የጠባሴው

እናንተ ሰዎች እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ለእናቴ አነበብኩላት። ቅቤው ላይ ስደርስ ዝም አለች፣ ከዚያ "እንግዲያው ኮሰረቱን ጨምር" አለችኝ። ባናው እንዲሄድ ወስናለች፣ ጌራው ደስ ይበልህ።

ሦስት ነገር ቀረኝ። ካፖርቱን እዚህ ልግዛ ወይስ እህቴ ትግዛ? ቋንቋ ሳትችል አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ እንዴት ትሁን? ደግሞስ ከቤት ወጥታ የምታየው ነገር አለ?

ሻንጣ አሳሪው

ካፖርቱን እህትህ ይዛ ትቀበላቸው። እዚህ ሰልባጅ ውስጥ ጥሩ ጥሩ ካፖርት ይገኛል፣ ግን ኪሎውን ይበላባችኋል። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ስካርፍና ሹራብ ብቻ ይዘው ይሳፈሩ።

ለቋንቋው ቲኬቱን ከቆረጠላችሁ ሰው ጋር ተነጋገርና ዊልቸር አስመዝግብላቸው። መራመድ ቢችሉም የረጅሙ ኮሪደር ድካም አለ፣ የሚያግዛቸው ሰው ከአውሮፕላኑ በር ጀምሮ በፓስፖርት ፍተሻው አሳልፎ ሻንጣቸውን አስይዞ ያወጣቸዋል። ክፍያ የለውም። ከመነሳታቸው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ይነገር። የመጥሪያ ደብዳቤው፣ የመመለሻ ቲኬቱና የእህትህ አድራሻና ስልክ በወረቀት ታትሞ እጃቸው ላይ ይሁን። የስልክ ባትሪ አይታመንም።

ሚሚ ስቶክሆልም

አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ፈጣኑ ባቡር 20 ደቂቃ አይሞላም፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። አውቶቡሱ ይረክሳል፣ ቤት ሲቃረቡም ትንሽ ነው የሚራመዱት። ለከተማ አውቶቡስ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ ብዙ ሱቅም እንደዚያው ካርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ብር ቀይረው አይሸከሙ።

ለማየት፣ ቀዝቃዛ ቀን ሲሆን ቫሳ ሙዚየም ውሰዷቸው። በፈረንጆቹ 1628 ገና ወደብ ሳይርቅ የሰጠመ የጦር መርከብ በ1961 ከባሕር ወጥቶ ቤት ተሠርቶለታል። ሙሉ መርከብ ነው፣ እንጨቱ ላይ የተቀረጸው አንበሳ ሁሉ ይታያል። ማንበብ አያስፈልግም፣ ቆሞ ማየት ይበቃል። አሮጌው ከተማ ጋምላ ስታን ያምራል፣ ግን መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ በረዶ ያለ ዕለት አይሞከርም። በእግር ሲሄዱም ከሕንፃ ሥር አይጠጉ። በዚህ ወቅት ከጣሪያ ላይ የበረዶ ጦር ይወርዳል፤ አጥር ወይም ምልክት ካለበት በሌላው በኩል ይሻገሩ። የረጋ ሐይቅ ላይ ሰው ሲራመድ ቢያዩ ደግሞ አይከተሉ። በመጋቢት በረዶው ከላይ ደህና መስሎ ከሥር ይሳሳል።

ቀኑ አጭር ነው ብለው አይስጉ። መጋቢት 11 ገደማ ቀንና ሌሊቱ እኩል ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ከኛው አገር ይረዝማል።

የይፋት ልጅ

ስትደውልላቸው ሰዓቱን አትሳት። አሁን በሁለት ሰዓት ከኛ ወደ ኋላ ናቸው። በፈረንጆቹ ማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ይገፉና ልዩነቱ አንድ ሰዓት ይሆናል። በኛ 12 ሰዓት ጠዋት ተነስተህ ከደወልክ አራሷን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው የምትቀሰቅሳት።

የጠባሴው

ገባኝ። ቡቱን ነገ ከነካልሲው እናስለካለን። አረቄው እኔ ጋ ቀርቷል፣ ለክርስትናው የምትመጡ ኑ።