የመጀመሪያዬን የጌም ኮምፒውተር ልገጥም ነው፤ አክስቴ ዕቃውን ከመግዛቷ በፊት እዩልኝ

ጀማሪው ከጎፋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁም። ሁለት ዓመት ቆጥቤ 700 ዶላር ሞላልኝ። አክስቴ ለገና ከቨርጂኒያ ስለምትመጣ አብዛኛውን ዕቃ እዚያው ገዝታ በሻንጣዋ ታመጣልኛለች። ኬዝና ፓወር ሰፕላይ (ከሶኬት ወስዶ ለዕቃዎቹ ኃይል የሚያድለው ሳጥን) ግን እንዳይከብዳት እዚሁ አዲስ አበባ ልገዛ አስቤያለሁ። የምጫወተው ቫሎራንት፣ ኢኤ ኤፍሲ እና ጂቲኤ 5 ነው። እህቴ ደግሞ የአርክቴክቸር ተማሪ ስለሆነች ማታ ማታ በብሌንደር (የ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም) ትሠራበታለች። ሞኒተር አለኝ፤ ፉል ኤችዲ፣ 75 ኸርዝ።

ያሰብኩት፦ ራይዘን 7 5800ኤክስ ፕሮሰሰር፣ ኤ520 ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋ ራም አንድ ፍሬ፣ አርኤክስ 6600 ግራፊክስ ካርድ፣ 1 ቴራ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ)። እዚህ ደግሞ ፊቱ መስታወት የሆነ፣ መብራቱ የሚቀያየር ኬዝ ከነ750 ዋት ፓወር ሰፕላዩ አንድ ሱቅ አይቻለሁ። ዕቃው አንዴ ውቅያኖስ ከተሻገረ መመለሻ የለውም፤ የሚቀየር ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ።

ሚኪ
ወንድሜ፣ ፕሮሰሰሩን ወደ ራይዘን 5 5600 አውርደው። በ75 ኸርዝ ሞኒተር ላይ ልዩነቱን በዓይንህ አታየውም። 5800ኤክስ ማቀዝቀዣ ይዞ አይመጣም፤ ያንንም ለብቻው ልትገዛ ነው። 5600 ግን በካርቶን የታሸገው ከነማቀዝቀዣው ነው፤ የሚበላው ኃይልም ያነሰ ነው፣ 65 ዋት ከ105 ዋት። የተረፈውን ገንዘብ ማዘርቦርዱን ከኤ520 ከፍ ወዳለው ቢ550 ለማሳደግና ለግራፊክስ ካርዱ አውለው።

ራሙ አንድ ፍሬ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ይሁን፣ ዲዲአር4 3200። ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ ሁለቱን በአንዴ ያነባቸዋል፤ ጌም ላይ ጎልቶ ይታወቃል። አራት መሰኪያ ያለው ቦርድ ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር 2ኛውና 4ኛው ላይ ሰካቸው። ከዚያ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብተህ ኤክስኤምፒ የሚለውን፣ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን፣ አብራ፤ ካላበራኸው 3200 ብለህ የከፈልክበት ራም በ2133 ወይም በ2400 ሲሠራ ይከርማል።

ጋሽ ቴክኒሻን
ልጄ፣ እኔን ያሳሰበኝ ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ያ 750 ዋት ያልከው ነው። ከኬዝ ጋር ተመርቆ በሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አትመን። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብብ፤ 12 ቮልት በሚለው ሥር ስንት አምፔር እንዳለ እይና በ12 አባዛው። በቅርቡ አንድ ደንበኛዬ 750 ዋት ብሎ ያመጣው ሠንጠረዡ ላይ 25 አምፔር ነበር የሚለው። 12 በ25 ሲባዛ 300 ዋት! ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚጠጡት ከዚያችው ከ12 ቮልቷ መስመር ነው። ጌሙ ሲከብድ ኮምፒውተሩ ድንገት ይጠፋል፤ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል ማዘርቦርዱን ይዞት ይሄዳል።

ከኋላው ቀይ ማንሸራተቻ ካለው ደግሞ 230 ላይ መሆኗን ሳታይ እንዳትሰካ። 115 ላይ እያለች ከእኛ 220 ቮልት ጋር ከተገናኘች ያው ይፈነዳል። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የሰው ዕቃ እንዲህ አቃጥዬ ከደመወዜ ከፍያለሁ።

ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩን አክስትህ ታምጣው፤ ቢከብድ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። 550 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ (ኃይል ያለማባከን ደረጃ ነው) ይበቃሃል። ግን ተለጣፊው ላይ 100–240 ቮልት የሚል መሆኑን አይታ ትግዛ፤ እንዲያ ካላለ ይቅርባት። የግድግዳ ገመዱን እዚህ በትንሽ ብር ትቀይረዋለህ።

ገንዘብ ሲተርፍህ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ) ግዛ። 650 ቪኤ የሚባለው የሚሸከመው 360 ዋት ገደማ ነው፤ ጌም ለመጨረስ ሳይሆን ሴቭ አድርገህ በሰላም ለማጥፋት። ዩፒኤሱ እስኪመጣ መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀለው፤ ሲመለስም እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ታገስ። ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው መብራት ሲመጣ ነው። የቤታችሁንም ግራውንድ ኤሌክትሪሻን ይይላችሁ። ኬዙን ስትነካ የሚነዝርህ ከሆነ ግራውንዱ የለም ወይም ተቋርጧል።

ኬዙ ፊቱ መስታወት ሳይሆን ወንፊት ይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ቆላ ላይ የሚያወጣውን ያህል ሙቀት አያወጣም። አቧራውም አለ፤ በወር አንዴ ማጣሪያውን አውጥተህ አራግፈው።

ሳሮን ከሜሪላንድ
እህትህ በብሌንደር የምትሠራ ከሆነ በአርኤክስ 6600 ፈንታ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋውን ውሰድ። እኔ የቤት ውስጥ ዲዛይን ነው የምሠራው። ብሌንደር እንደ 6600 ባለ የኤኤምዲ ካርድም ይሠራል፤ እንደ 3060 ባለ የኤንቪዲያ ካርድ ኦፕቲክስ በሚባለው ማፍጠኛ ሲሆን ግን ሬንደሩ (ዲዛይኑን ወደ ምስል መቀየሩ) በጣም ይፈጥናል። ባለ 12 ጊጋ መሆኑን አክስትህ ደጋግማ ትጠይቅ፤ በዚያው 3060 ስም የሚሸጥ ደካማ ባለ 8 ጊጋ አለ። ለእሷ ፌርፋክስ የሚገኘው ማይክሮ ሴንተር ይቀርባት ይሆናል፤ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ራም በአንድ ላይ አቀናጅተው በቅናሽ ይሸጣሉ። ካርዱን ከነካርቶኑ በእጅ ሻንጣዋ ትያዘው።

ሚኪ
ሳሮን ያለችው ልክ ነው። ለጌም ብቻ ቢሆን ሁለቱ ተቀራራቢ ስለሆኑ 6600 ይሻል ነበር፤ 132 ዋት ነው የሚበላው፣ 3060 ደግሞ 170። እህትህ ስላለች ግን 3060።

ጀማሪው ከጎፋ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ ጋሼን። ሠንጠረዡን ሄጄ አየሁት፤ 12 ቮልቱ 24 አምፔር ነው የሚለው! ተውኩት። አንድ ነገር ልጨምር፦ እዚህ ያገለገለ 3060 በጣም በርካሽ አለን ያሉኝ አሉ። ልውሰደው?

ቢኒ ከዱባይ
ሳታየው አትውሰድ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መቆፈር (ካርዱን እያሠሩ ገንዘቡን ማግኘት) ሲያበቃ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ገበያውን አጥለቀለቁት። እዚህ ቡር ዱባይ ኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ዳር ካሉ የኮምፒውተር ሱቆች ያገለገለ ስገዛ ሁሌም ሰክተው እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ። ከባድ ጌም ወይም መፈተሻ ለ20 ደቂቃ አስነሳ፤ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ፣ ፋኑ ካንቋቋ ተወው። ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ነፃ ፕሮግራምም አስጀምር፤ ስሙ የተቀየረ የድሮ ካርድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ታጋልጠዋለች። እኔ አንዴ አርኤክስ 580 ብዬ የገዛሁት 2048ኤስፒ የሚባለው ቀነስ ያለው ሆኖ አገኘሁት። እንዲህ ሊያስፈትኑህ ካልፈቀዱ አዲሱ ይምጣልህ።

ጀማሪው ከጎፋ
ሰክቶ ማየት አይቻልም ብለውኛል። እንግዲያው አዲሱን። ዝርዝሩን ለአክስቴ ዛሬ ማታ እልካለሁ።

ጋሽ ቴክኒሻን
ጥሩ። ገጥመህ ስትጨርስ የሞኒተሩን ገመድ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰካ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። 5600 የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ቦርዱ ላይ ከሰካኸው ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፤ ተበላሸ ብለህ እንዳትደነግጥ። ለቫሎራንት ደግሞ ዊንዶውስ 11 ስትጭን ባዮስ ላይ ቲፒኤም እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የደህንነት ማብሪያዎች ይብሩ። ማዘርቦርዱን ከማሰርህ በፊት ከሥሩ የሚገቡት የነሐስ እግሮች ከቀዳዳዎቹ ጋር መግጠማቸውን እይ። ከተቸገርክ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ላክልኝ።