ትከሻዬን ኦፕራሲዮን ልሁን ወይስ ልታገስ? ራስ ምታቱም አልለቀቀኝም

ባለ ሮለሩ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሥራዬ ቀለም ቅብ ነው፣ ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ። ኮርኒስ ስቀባ ስለምውል ቀኝ እጄ ወደ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ትከሻዬ እንቢ ብሏል። እጄን ከትከሻ በላይ ሳነሳ ይወጋኛል። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት ቀርቷል። አልወደቅሁም፣ አልተመታሁም። እጄም እያመመኝም ቢሆን ይነሳል።

ኤምአርአይ ተነስቼ አንድ ሐኪም ጋ ሄድኩ። «ጅማቱ አጥንት ሥር ተጨንቋል፣ በከፊልም ሳስቷል፤ አጥንቱ ተፍቆ ቦታ መስፋት አለበት» አለኝ። የተጠራልኝ ገንዘብ ለባጃጅ ቀብድ ይበቃል። ባለቤቴ «የሚሸጠው ተሽጦም ቢሆን ታከም» ትላለች። ምኑ እንደሚሸጥ ግን አልነገረችኝም።

ሌላው ራስ ምታቱ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አልፎ አልፎ በአንድ ጎን ይይዘኝ፣ ብርሃን ያስጠላኝ፣ ካስመለሰኝ በኋላ ይተወኝ ነበር። እናቴም እንደዚሁ ናት። አሁን ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ገና ስነቃ አለ። ለትከሻዬ ጠዋት ዳይክሎፌናክ፣ ማታ ፓራሲታሞል እወስዳለሁ። ትከሻው ነው ወደ ጭንቅላቴ የወጣው? ኦፕራሲዮን ብሆን ሁለቱም ይተወኛል?

የታቦር ልጅ

ብሮ፣ ኦፕራሲዮን ምን ያደርግልሃል? ወጌሻ ጋ ሂድና ታሽ። የኔን ወለምታ ባንዴ ነው የመለሱት። ራስ ምታቱ ጭንቀት ነው፣ ገንዘቡን ስታስብ የመጣ።

እጅ ወደ ላይ

ወንድሜ፣ እዚሁ ሀዋሳ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሳላይህ «ያለብህ ይሄ ነው» አልልህም። ግን ያን ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ማወቅ ያለብህ ነገር አለ።

የታቦር ልጅ፣ ወለምታ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። የተቆጣ ጅማት በእሽታ ሊብስበት ይችላል። የጭንቀቱን ነገር አልከራከርህም፣ ባለ ባጃጅ ሊሆን የነበረ ሰው ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

አጥንት ፍቆ ቦታ ማስፋት በዓለም ዙሪያ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። ሐሳቡ ያሳምናል፤ ጠበበ፣ ስለዚህ ይስፋ። እንግሊዞች ግን በትክክል ይሠራ እንደሆነ እንፈትሽ አሉ። ሲሳው በተባለው ጥናት 313 ሰዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ አጥንታቸው ተፋቀ። ሁለተኛዎቹም ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው ቆዳቸው ተበሳ፣ ካሜራ ገብቶ ውስጡ ታየ፣ ምንም ሳይፋቅ ተዘጋ። ሦስተኛዎቹ ያለ ሕክምና በክትትል ቆዩ። ቢላ ከነካቸው ውስጥ የተፋቀለትና ያልተፋቀለት ማን እንደሆነ ታካሚዎቹ አያውቁም። ውጤቱ በፈረንጅ 2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። በተፋቀላቸውና በካሜራ ብቻ በታዩት መካከል ልዩነት አልተገኘም። ያለ ሕክምና ከቆዩትም የተሻሉት በጥቂቱ ነው፣ ሰው በኑሮው ላይ ልብ የሚለው ያህል አይደለም። ፊንላንዶችም ተመሳሳይ ጥናት ሠርተው ሁለት ዓመት ተከታተሉ፣ ያገኙትም ያንኑ ነው። በ2019 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣው የባለሙያዎች ምክር ይህ ኦፕራሲዮን ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም አይደረግ የሚል ነበር።

«እከሌ ግን ተቀዶ ዳነ» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ብዙዎች ይድናሉ። ግን እስቲ አስበው፣ ትከሻውን የተቀደደ ቀለም ቀቢ ስንት ሳምንት ኮርኒስ ሳይነካ ይከርማል? እኔ ከቢላው ይልቅ ዕረፍቱን ነው የምጠረጥረው።

አሁን የራሴን እንጀራ የሚነካውን ልንገርህ። ግራስፕ የተባለ የእንግሊዝ ጥናት 708 ሰዎችን አሳትፏል። አንዳንዶቹ እስከ ስድስት ጊዜ እየተመላለሱ ፊዚዮቴራፒ ወሰዱ። ሌሎቹ አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ ተመክረውና እንቅስቃሴ ተምረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በዓመቱ እኩል ሆኑ። ትከሻቸው ላይ የስቴሮይድ መርፌ የተወጉትም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ትንሽ ቀለል አላቸው፣ ከዚያ በኋላ ለውጥ የለም። ስለዚህ በየሳምንቱ ና የሚልህን ሰው አትፈልግ፣ እኔንም ጨምሮ። አንድ ጊዜ በደንብ የሚያይህና ቤትህ የምትሠራውን የሚያሳይህ ይበቃሃል። የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጠህ የበር እጀታ ላይ አስረህ ክርንህን ከጎንህ ሳታርቅ ወደ ውጭ መሳብ አንዱ ነው። ቀስ በቀስ ታጠነክረዋለህ። ቢያምም ማታውን ከበረደልህ ችግር የለውም።

ሥራህንም አስተካክለው። ሮለሩን ረጅም እጀታ ላይ ግጠመው፣ መቆሚያህንም ከፍ አድርገው፣ እጅህ ከዓይንህ በላይ ብዙ እንዳይሄድ። ኮርኒሱን በአንድ ቀን አትጨርሰው፣ ከግድግዳ ጋር አፈራርቀው።

ወደ ራስ ምታትህ ልምጣ፣ የበለጠ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የነገርከን የልጅነት ሕመም ማይግሬን ይመስላል። ብቻህን አይደለህም፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በፈረንጅ 2016 ባወጡት ጥናት ከኢትዮጵያ አዋቂዎች ከመቶ 17.7 ያህሉ ማይግሬን አለባቸው። ማይግሬን ያለበት ሰው ማስታገሻ ሲያበዛ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። መለኪያው ይሄ ነው፦ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራስህን ካመመህ፣ እንደ ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ ያሉትንም በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ ከወሰድክ። አንተ የምትውጠው ለትከሻ ብለህ ነው፣ ጭንቅላትህ ግን ይህን አይለይም።

ስለዚህ ትከሻህ ወደ ጭንቅላትህ አልወጣም፣ የትከሻህ ክኒን ሊሆን ይችላል የወጣው። ኦፕራሲዮን ይህን አይነካውም።

ባለ ሮለሩ

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ «ባጃጁን ግዛ» አለች ወዲያው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ኤምአርአዩ ላይ «ሳስቷል» የተባለውስ? መድኃኒቱንስ ዛሬውኑ ልተወው?

እጅ ወደ ላይ

የሳሳ ጅማት ምንም ሕመም በሌለባቸው ሰዎች ኤምአርአይ ላይም ይታያል፣ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ደግሞ ይበዛል። ፎቶውን ብቻ አይቶ መቅደድ ልክ አይደለም። ወድቀህ ወይም ተጎትተህ እጅህን ማንሳት ቢያቅትህ ኖሮ ግን ሌላ ወሬ ነበር፤ ያ ቶሎ የአጥንት ሐኪም ማየትን ይጠይቃል።

መድኃኒቱን የማቆሙን ነገር ከሐኪም ጋር ተነጋገር። ሲቆም መጀመሪያ ይብሳል፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው ተሸንፎ የሚመለስ። የማይግሬን መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን እዚህም ይታዘዛሉ። በ2020 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ማስታገሻ ከማብዛት የመጣ ራስ ምታት ያለባቸውን 120 ሰዎች በሦስት መንገድ አከመ። በሦስቱም የሕመም ቀኑ ቀነሰ፤ ከዚህ ችግር ነፃ የመውጣት ዕድሉ የሰፋው ግን ማስታገሻውን አቁመው መከላከያውን አብረው ለጀመሩት ነበር። ደብተር ያዝ፤ ያመመህን ቀንና የዋጥከውን ጻፍ። ሐኪሙ ያለ እሱ ብዙ አይረዳህም።

ድንገት እንደ መብረቅ የሚመታ ራስ ምታት፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መያያዝ ከመጣ ግን ደብተር አትጻፍ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

መድኃኒት ቤት

ከአዳማ ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር። «ጠንከር ያለ ስጠኝ» ብለህ ካፌይን የተቀላቀለበትን ማስታገሻ እንዳትገዛ። ለተቀላቀሉትና ኮዴይን ላለባቸው ገደቡ በወር 10 ቀን ነው። ዳይክሎፌናኩንም በየቀኑ ስትወስድ ጨጓራህን ታየህ፣ ግፊትህንስ ተለካህ? ካልሆነ ሐኪሙ ጋ ስትሄድ ይህንንም ንገረው።