61 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ የ2004 መርሰዲስ፦ ልግዛው ወይስ ልተወው?

የሲኤምሲው

ሰላም ቤተሰብ። እንቅልፍ የነሳኝ ጉዳይ ስላለ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ የቆመ የ2004 ሞዴል መርሰዲስ ኢ 240 አግኝቻለሁ። ክሩስኮቱ ላይ 61 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው የሚያሳየው። ባለቤቱ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ አምና አርፈዋል። ልጆቻቸው ውጭ ስለሆኑ አሁን የሚሸጠው የወንድማቸው ልጅ ነው። 2 ሚሊዮን 300 ሺህ ብሎኛል። ደላላው "ለአንተ ስል አስቀንሳለሁ" ይላል፣ ደላላ ለማን ብሎ እንደሚቀንስ እናንተም ታውቃላችሁ።

በሩ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ብቻውን ልብ ይሰርቃል። የወንበሩ ቆዳ አልተሰነጠቀም፣ እንጨቱ ገና ያብረቀርቃል። ዘበኛው ቅዳሜ ቅዳሜ እያስነሳ አሥር ደቂቃ ያሞቀዋል። እኔ አሁን የምነዳው ቪትዝ ነው፣ እሷን ሸጬ ትንሽ ጨምሬበት ልገዛው ነው ሐሳቤ። ባለቤቴ "አበድክ እንዴ?" ብላኛለች። በየቀኑ ከሲኤምሲ ሜክሲኮ እመላለሳለሁ። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ስለሆነ ገና ብዙ ያገለግላል አይደል? ወይስ ዓይኔን ጋርዶኝ ነው?

ቦሌ ሚካኤል

ሚስትህን ስማ ወንድሜ። ቪትዝ ብትበላሽ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ይጠግናታል፣ ዕቃዋም ሶማሌ ተራ ሞልቷል። የአክስቴ ልጅ እንዲህ ያለ የጀርመን መኪና ገዝቶ አንዲት ዕቃ ከዱባይ እስክትመጣ ሦስት ወር ሙሉ በታክሲ ነው የተመላለሰው። መኪናውን ግን በየእሑዱ ያጥበው ነበር።

ጋራዥ ውስጥ ያረጀ

ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ እውነት አላችሁ። እኔ ይህን ሞዴል ብዙ ጊዜ ከፍቼ ስላየሁት ልንገርህ።

ሞተሩ ላይ ቅሬታ የለኝም። ባለ 2.6 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ታይሚንጉም በሰንሰለት ስለሆነ ቺንጋ ተበጠሰ ብሎ ነገር የለም። ካንዴላ ልትቀይር ስትሄድ ግን 6 ገዝተህ እንዳትመጣ። ለአንድ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ስለሆነ 12 ነው የሚገባለት።

ያ ዘበኛ በቅንነት ነው፣ ግን መኪናውን አልጠቀመውም። ሞተር ቆሞ አሥር ደቂቃ ቢሠራ ዘይቱ በደንብ አይግልም፣ ስለዚህ ውስጥ የተፈጠረው እርጥበት ሳይተን ዘይቱና ማርሚታው ውስጥ ይቀራል። ካምቢዮው፣ ፍሬኑና ጎማው ደግሞ ጭራሽ አልተንቀሳቀሱም። 61 ሺህ ብቻ ነው ብለህ የምትደሰተው ሞተሩን እያሰብክ ነው። የራዲያተሩ ቱቦ፣ የሞተር መያዣው፣ የእግሩ ጎሚኒዎች፣ የዘይት መከላከያዎቹ በሙሉ 20 ዓመት አልፏቸዋል። እነዚህ ቆመውም ይደርቃሉ። ደግሞ የሚያፈሱት ገዝተህ በየቀኑ መንዳት ስትጀምር ነው እንጂ አሁን ሥሩ ብታይ መሬቱ ደረቅ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ ፍሬኑ። የዚህ ሞዴል በፈረንጆች እስከ 2006 የተሠሩት ላይ ያለው ፍሬን በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚታዘዝ ነው። ኩባንያው ራሱ በ2004 እና በ2005 በዚሁ ፍሬን ምክንያት መኪኖችን ለጥገና መልሶ ጠርቶ ነበር፣ በኋላም ከዚህ ሞዴል ላይ አውጥቶታል። ፓምፑ ፍሬን በረገጥክ ቁጥር ይቆጥራል። ቁጥሩ ሲሞላ ክሩስኮት ላይ ምልክት ያበራል፣ ፓምፑ ጨርሶ እምቢ ካለ ደግሞ በእግርህ ጉልበት የፊት ጎማዎቹን ብቻ ነው የምትይዘው። ፔዳሉ እስከ ታች ይወርድብሃል። ከሲኤምሲ መገናኛ ባለው ጭንቅንቅ በቀን ስንት ጊዜ ፍሬን እንደምትረግጥ አስበው።

ግን ይኸው ፓምፕ ይጠቅምሃል። መርሰዲስ የሚመረምር ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ውሰደውና ቁጥሩን አስነብብ። ኪሎ ሜትር የሚያስመልስ ሰው የክሩስኮቱን ይመልስና ብዙ ጊዜ ይህንን ይረሳዋል። 61 ሺህ ለሄደ መኪና የማይመስል ቁጥር ካየህ ጨዋታው ገብቶሃል ማለት ነው። የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክና የሹፌሩን ወንበር የግራ ጠርዝም እይ፣ መውጫ መግቢያው እዚያ ጋ ነው የሚበላው።

የጎማው ጎን ላይ ደግሞ በክብ መስመር ውስጥ አራት ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ነው የሚነግሩህ። ጥርሱ አዲስ ቢመስልህም ከአሥር ዓመት በላይ ከሆነ አውልቀህ ጣለው።

ሳሪስ ማሚ

እኔ ይህንኑ ሞዴል አምስት ዓመት ነድቼዋለሁ፣ አልጸጸትም። ላንጋኖ ደርሼ ስመለስ ወገቤን አያመኝም ነበር። ከተማ ውስጥ ግን ቤንዚን ይጠጣል፣ የእኔው ጭንቅንቅ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ገደማ ይወስድ ነበር። ሰፈርህ ኮብልስቶን ከሆነ ደግሞ ሆዱን እንዳትመታው ተጠንቀቅ፣ ዝቅ ያለ ነው። በአየር የሚነሳ የሚወርድ ዓይነቱ ከሆነ እኔ እንኳን አልገዛውም። ለሊት አድሮ ጠዋት አንድ ጎኑ ተኝቶ ካገኘኸው ሸሽ። ባለ ሞላው ከሆነ ግን ችግር የለውም።

ገንዘብህን ሁሉ ለመኪናው ከፍለህ ባዶ ኪስህን አትቅር። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ያወጣሁትን ለባሌ እስካሁን አልነገርኩትም።

ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ

ስለ ሞተሩ ባለሙያው ተናግሯል። እኔን ያስፈራኝ ወረቀቱ ነው።

የወንድም ልጅ ነው የሚሸጠው ብለሃል። በማን ውክልና? ሟቹ በሕይወት እያሉ የሰጡት ከሆነ ሰጪው ሲሞት ውክልናውም አብሮ ቀርቷል። በዚያ ወረቀት ቢፈርምልህ ነገ ልጆቹ መጥተው መኪናውን ሊወስዱት ይችላሉ። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት መውጣት አለበት፣ ከዚያ ወራሾቹ ራሳቸው ወይም እነሱ የወከሉት ሰው ይሸጥልህ። ውክልናው ላይም "መሸጥ" የሚል ቃል መኖሩን በዓይንህ አንብብ።

ሌላው፣ ሰውዬው ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ከነበሩ መኪናው ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ሊሆን ይችላል። አሁን ሰሌዳው 2 ቁጥር፣ ማለትም የግል ነው? ቀረጡ የተከፈለበትን ዲክላራሲዮን አሳዩኝ በል። ካልተከፈለ ስሙን ላዙር ስትል ዕዳው አንተ ላይ ነው የሚመጣው፣ በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ሕግ ደግሞ ለአሮጌ መኪና ምሕረት የለውም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያይ፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑንም ሳታረጋግጥ ቀብድ እንዳትሰጥ። ደላላው "ሌላ ገዢ ቆሟል" ሊልህ ነው። ይቁም።

ቦሌ ሚካኤል

ደግሞስ በዚህ ዘመን ለምን ኤሌክትሪክ አትገዛም?

ጋራዥ ውስጥ ያረጀ

እሱም የራሱ ጣጣ አለው፣ ሌላ ቀን እናወራለን። በነገራችን ላይ በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለውን አሮጌ መኪና እንደ ወርቅ ነው የሚያየው። ዋጋው የተሰቀለው በዚያ ነው እንጂ መኪናው አልታደሰም።

የሲኤምሲው

ኧረ አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ተመልሼ ሄጄ ነበር።

ጎማው ላይ 1409 ይላል። የፈረንጆቹ 2009 ማለት ነው፣ አራቱም። ዘበኛው እያየኝ "ምን እያነበብክ ነው ልጄ?" አለኝ። ፔዳሉና ወንበሩ ግን እውነትም ብዙ አልተነኩም፣ ሰውዬው በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ነበር የሚመለሱት አለኝ። ሞላ ነው፣ አየር አይደለም።

ወረቀቱ ላይ ግን ጉዳይ አስፈጻሚው ልክ ነህ፣ ውክልናው ሟቹ የፈረሙት ነው። የወንድም ልጁን ስጠይቀው ተቆጣ። ማታ ግን ከልጆቻቸው አንዷ ከአሜሪካ ደውላ፣ የወራሽነቱን ጉዳይ እንደጀመሩት ነገረችኝ። እኔ የተባልኩትን 2 ሚሊዮን 300 ሺህም አልሰማችም፣ እሷ የምታውቀው 2 ሚሊዮን 100 ሺህ ነው።

እስከዚያ ማክሰኞ ጋራዥ ወስጄ የፍሬኑን ቁጥር ላስነብበው ተስማምተናል። ቪትዟን ለሽያጭ አላወጣኋትም። ለባለቤቴም ስለ ማክሰኞው ገና አልነገርኳትም።