ሳይክሎኑ ዱቄቱን ወደ ላይ እየተፋ አስቸገረን

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ወገኖች። አነስተኛ የስንዴ ዱቄት ፋብሪካ አለችን። ያገለገለ ሳይክሎን (አየሩን እያሽከረከረ ዱቄቱን የሚለይ፣ ታቹ ሾጣጣ የሆነ ዕቃ) ከሸዋሮቢት ገዝተን ገጠምን። ፋኑ ከላይ ይስባል፤ ዱቄቱ ከታች በኤርሎኩ (አየር ሳያስገባ ዱቄቱን በሚያወርደው ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ በር) በኩል ጆንያ ውስጥ ይወርዳል። መውረድ ነበረበት ማለቴ ነው። ጣሪያው ውርጭ የመታው መስሏል፤ ጎረቤትም ተቆጥቷል። ቆላው ሸዋሮቢት እያለ ደህና ይሠራ ነበር አሉን። ከፍታው ይሆን?

በያጁ፦ ከፍታው ነው። አየሩ ሳስቷል፤ ፋኑን በትልቅ ቀይረው።

ኢንጂነሯ፦ ወንድሜ፣ ፋን ለመግዛት አትቸኩል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ይሳሳል። ግን ፋኑ በዚያው ዙር እስከዞረ ድረስ የሚስበው የአየር መጠን ያው ነው። ዱቄቱን ግድግዳው ላይ የሚወረውረው ደግሞ ፍጥነት ነው። መግቢያው ላይ በሰከንድ ከ15 እስከ 20 ሜትር ካገኘህ ይበቃል።

እኔ የምጠረጥረው ታችኛውን ነው። አየሩ በጎን ገብቶ ግድግዳውን እየታከከ፣ እየተሽከረከረ ይወርዳል። ከዚያ ዞሮ በመሃል ሽቅብ ይወጣል። ያ መሃሉ እስከ ሾጣጣው ጫፍ ድረስ ይስባል። ከታች ትንሽ ሽንቁር ካለች አየር ከውጭ ይገባና የወረደውን ዱቄት ይዞት ይወጣል።

ሻይ ቤቱ፦ ዕጣን አጭስና ጭሱ የሚገባበትን ፈልግ።

ጋሼ መካኒክ፦ ኧረ በማርያም! የዱቄት ብናኝ ባለበት እሳት? ይፈነዳል እኮ! ልጄ፣ ሶፍት በቀጭኑ ቅደድና መጋጠሚያዎቹ ጋ አስጠጋው። የፋኑንም አዟዟር እይ። ፌዝ (የሞተሩ የኤሌክትሪክ መስመር) ተገላብጦ ወደ ኋላ ቢዞርም ትንሽ ትንሽ ይስባል፤ ስንቱን ሸውዷል።

ጠያቂ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ፋኑ ልክ ነው። ሶፍቱ ግን ኤርሎኩ ጋ ሲደርስ ከእጄ ተነጠቀ። ማሽኑን አጥፍተን ስንፈታው የክንፎቹ ጎማ ተበልቶ ጣት ያስገባል። አዲስ አስቆርጠን ገጠምን። አሁን ጆንያው እየሞላ ነው፤ መውጫው ላይ ግን ጉም የመሰለ ነገር አልጠፋም።

ኢንጂነሯ፦ እሱ ደቃቁ ነው። ከ5 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) በታች ያለውን ሳይክሎን እምብዛም አይዝም፤ መውጫው ላይ የጨርቅ ማጣሪያ ያስፈልግሃል። ጆንያውንም ጢም ሳይል ቀይሩት። ዱቄቱ ተጠራቅሞ ሾጣጣው ድረስ ከደረሰ አዙሪቱ መልሶ ያነሳዋል።

በያጁ፦ እሺ፣ ፋኑን ተዉት 😄